ለመመረቂያ ጽሑፍ የትኛው የኮሙኒኬሽን ንድፈ ሐሳብ? ስድስት አማራጮች ከነክርክራቸው

የጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን የማስተርስ ተማሪ ፕሮፖዛል ሲያዘጋጅ ብዙ ጊዜ የሚቸገረው «የንድፈ ሐሳብ ማዕቀፍ» የሚለው ንዑስ ርዕስ ላይ ሲደርስ ነው። ርዕሰ ጉዳዩ ተመርጧል፣ የሚጠናው ጋዜጣ ወይም ጣቢያም ታውቋል። ቀሪውን ክፍት ቦታ ለመሙላት ከቀድሞ ተመራቂዎች ሥራ ሦስት አራት ንድፈ ሐሳብ ይሰበሰብና ይደረደራል። ውጤቱ የሚተነተንበት ምዕራፍ አራት ላይ ግን አንዱም ተመልሶ አይነሳም። ፈታኞችም ይህን ለማየት ጊዜ አይወስድባቸውም።

የኮሙኒኬሽን ንድፈ ሐሳቦች እርስ በርስ ሲሟገቱ የኖሩ ናቸው። አንዱን የመረጠ ተማሪ ሳያስበው በቆየ ሙግት ውስጥ ወገን ይዟል፤ ጽሑፉን በፈታኞች ፊት በሚከላከልበት ቀን የሚቀርብለት ከባድ ጥያቄም የሚመነጨው ከዚያው ሙግት ነው። ስለዚህ ምርጫው ንድፈ ሐሳቡ ምን ይላል ከሚለው በተጨማሪ ምን ማስረጃ ይጠይቃል፣ ምን ያስወጣል፣ የትኛው ተቃውሞ ይጠብቀዋል በሚሉት መመዘን አለበት። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሙግቱ ስለ ምንድን ነው?

ሦስት መስመሮችን ማወቅ ይበቃል።

የመጀመሪያው ጥናት ለማን ይሠራል የሚለው ነው። ፖል ላዛርስፌልድ በ1941 ባሳተመው ጽሑፍ «አስተዳደራዊ» እና «ሂሳዊ» ያላቸውን ሁለት የምርምር ዓይነቶች ለየ። አስተዳደራዊው ጣቢያው፣ ድርጅቱ ወይም መንግሥት ላነሳው ጥያቄ መልስ ይፈልጋል። ሂሳዊው ጥያቄውን ራሱን ማን እንዳነሳውና ማን እንደሚጠቀምበት ይመረምራል። ከጽሑፉ ጀርባ እውነተኛ ግጭት ነበረ። ቴዎዶር አዶርኖ ከ1938 ጀምሮ ላዛርስፌልድ በሚመራው የፕሪንስተን የሬዲዮ ፕሮጀክት የሙዚቃውን ክፍል ይዞ ሳለ፣ የአድማጭን ስሜት በቁጥር መለካት የሚለውን አካሄድ አልቀበልም አለ። የሙዚቃው ጥናት ድጋፍ ሳይታደስለት ቀረ።

ሁለተኛው የመገናኛ ብዙኃን ኃይል ምን ያህል ነው የሚለው ነው። በ1940 ምርጫ በኦሃዮ ኢሪ ካውንቲ የተሠራው ጥናት ዘመቻው የቀየረው ሰው ጥቂት መሆኑን አሳየ፤ ጆሴፍ ክላፐር በ1960 ይህንኑ «ውስን ተጽዕኖ» ወደሚል አቋም ሰበሰበው። በ1970ዎቹ ከታች የሚብራሩት አጀንዳ ሴቲንግና ካልቲቬሽን መጥተው ኃይሉን በሌላ በር አስገቡት። በ2008 ላንስ ቤኔትና ሻንቶ አየንጋር ተመልካቹ በየራሱ ምንጭ በተበታተነበት ዘመን እንደገና ወደ ውስን ተጽዕኖ እየተመለስን ሊሆን ይችላል ብለው ጻፉ፤ ለዚህም ጠንካራ ምላሽ ተሰጣቸው። ጉዳዩ ዛሬም አልተዘጋም።

ሦስተኛው ዘርፉ አንድ ዲሲፕሊን ነው ወይ የሚለው ነው። በርናርድ ቤሬልሰን በ1959 ዘርፉ እየጠወለገ ነው ብሎ ነበር። በ1983 «ጆርናል ኦፍ ኮሙኒኬሽን» አንድ ሙሉ ልዩ እትም ለዚህ ጥያቄ ሰጠ። ሮበርት ክሬግ በ1999 ሰባት ወጎችን ዘርዝሮ፣ የሚያገናኛቸው የጋራ መልስ ሳይሆን እርስ በርስ መነጋገራቸው ነው አለ። ለተማሪ የክሬግ ጽሑፍ ጥቅሙ ትልቅ ነው፤ የመረጣችሁት ንድፈ ሐሳብ በየትኛው ወግ ውስጥ እንዳለና ከማን ጋር እንደሚጣላ በአንድ ንባብ ያሳያል።

መመዘኛዎቹ

ጥያቄው የሚያርፈው በይዘቱ፣ በተደራሲው ወይስ በባለቤቱ ላይ ነው? ከሁሉ በላይ የሚደጋገመው ስህተት እዚህ ላይ ይፈጸማል፦ ጋዜጣ ብቻ ተነብቦ ስለ አንባቢ ይደመደማል። ከዚያ ማስረጃው ምን ዓይነትና ምን ያህል እንደሆነ ይታያል። ወጪውም መቆጠር አለበት፤ መጠይቅ የሚያስሞሉ ሰዎች አበል፣ ትራንስፖርት፣ ድምፅ ወደ ጽሑፍ የመገልበጥ ጊዜ፣ ሁለተኛ ኮደር (ይዘቱን አንብቦ በምድብ የሚመዘግብ ሰው)። ቀጥሎ ንድፈ ሐሳቡ ላይ የቆየው ተቃውሞ ምንድን ነው፣ እናንተስ በሁለት አንቀጽ መመለስ ትችላላችሁ ወይ? በመጨረሻም የተወለደበት የሚዲያ ሥርዓት ከምታጠኑት ጋር ምን ያህል ይቀራረባል? ጄምስ ከራንና ምዩንግ-ጂን ፓርክ በ2000 ባዘጋጁት መጽሐፍ ያነሱት ቅሬታ ይኸው ነው፤ ከጥቂት የምዕራብ አገሮች የተገኘ ውጤት የዓለም ሕግ ተደርጎ መወሰዱ።

ፍሬሚንግ

ፍሬሚንግ አንድ ጉዳይ በዜና ውስጥ በምን ገጽታ እንደቀረበ ያጠናል። ለይዘት ጥናት በብዛት የሚመረጠው ይህ ነው፤ በብዛት የሚበላሸውም ይኸው ነው። ሮበርት ኤንትማን በ1993 ፍሬም የሚሠራቸውን አራት ነገሮች ለየ፦ ችግሩን ይሰይማል፣ መንስኤውን ይጠቁማል፣ የሞራል ፍርድ ይሰጣል፣ መፍትሔ ያመለክታል። ቀደም ብሎ በ1991 ሁለት የመንገደኛ አውሮፕላኖች አደጋ አነጻጽሮ ነበር። በ1983 የሶቪየት ተዋጊ ጄት የኮሪያን በረራ 007 መትቶ 269 ሰዎች ሞቱ፤ በ1988 የአሜሪካ የጦር መርከብ የኢራንን በረራ 655 መትቶ 290 ሰዎች ሞቱ። የአሜሪካ መገናኛ ብዙኃን የመጀመሪያውን እንደ ወንጀል፣ ሁለተኛውን እንደ ቴክኒክ ስህተት አቀረቡት።

በአገራችን ጉዳይ እንየው። የጤፍ ዋጋ መጨመሩ አንድ እውነታ ነው። «ነጋዴዎች ጤፍ ሸሽገው ዋጋ አናሩ» የሚል ርዕስ መንስኤውን ነጋዴው ላይ ያሳርፋል፣ ይኮንናል፣ መፍትሔውንም ወደ ቁጥጥር ይመራል። «የማዳበሪያ መዘግየት የጤፍን ዋጋ አናረ» ሲባል መንስኤው አቅርቦት፣ ተጠያቂው አስተዳደር ይሆናል። «የዕለት ጉርስ ያጡ እናቶች» የሚለው ደግሞ ችግሩን ይሰይማል እንጂ መንስኤም መፍትሔም የለውም። የኤንትማንን አራት ጥያቄዎች በእያንዳንዱ ዜና ላይ አንድ በአንድ ጠይቃችሁ መልሱን በአራት ዓምድ ከመዘገባችሁ፣ ምዕራፍ አራት ግማሹ ተጽፏል ማለት ነው።

ሙግቱ ፍሬም ራሱ ምንድን ነው የሚል ነው። ትቨርስኪና ካህነማን በ1981 ባወጡት ሙከራ 600 ሰዎችን ሊገድል የሚችል በሽታ ቀረበ። እርግጠኛው አማራጭ «200 ሰዎች ይድናሉ» ተብሎ ሲቀርብ 72 በመቶው መረጠው፤ ያው አማራጭ «400 ሰዎች ይሞታሉ» ሲባል 22 በመቶ ብቻ። እዚያ የተለወጠው አባባሉ ብቻ ነው። ከላይ ባሉት የጤፍ ዜናዎች ግን መረጃውም ተለውጧል። ስለዚህ ካቺያቶሬ፣ ሾይፈለና አየንጋር በ2016 ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት ይቅር፣ ፍሬሚንግ ለመጀመሪያው ዓይነት ብቻ ይዋል ሲሉ ተከራከሩ። የጋዜጣ ይዘት የምታጠኑ ከሆነ «የምጠቀመው የአጽንዖት ፍሬሚንግን ነው» (የትኛው መረጃ እንደጎላ የሚያየውን ሁለተኛውን ዓይነት) ብላችሁ ምክንያቱን በአንድ አንቀጽ አስቀምጡ። ይህች አንቀጽ የብዙ ደቂቃ ክርክር ታስቀራለች።

ሥራው እንዲህ ይሄዳል። ለዕለታዊ ጋዜጣ የአንድ ዓመት እትም ሁሉ ማንበብ አያስፈልግም። የዓመቱን ሰኞዎች ዘርዝራችሁ ሁለቱን በዕጣ አውጡ፣ ማክሰኞንም እንዲሁ፣ እስከ እሑድ። ሁለት «የተውጣጣ ሳምንት»፣ ማለትም 14 እትም፣ ዓመቱን እንደሚወክል ሪፍና ባልደረቦቹ በ1993 አሳይተዋል። በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ ለሚወጣ ጋዜጣ ይህ አይሠራም፤ ከየወሩ በዕጣ መውሰድ ይሻላል። ጉዳዩ በአንድ ወቅት የተከሰተ ከሆነም፣ ለምሳሌ የአንድ ምርጫ ሰሞን፣ የወቅቱን እትሞች በሙሉ መውሰድ ነው።

ፍሬሞቹን ከየት ታመጣላችሁ? ሴሜትኮና ቫልከንበርግ በ2000 ያቀረቧቸው አምስቱ (ግጭት፣ ሰብዓዊ ገጽታ፣ ኢኮኖሚያዊ ውጤት፣ ሞራል፣ ኃላፊነት) አዎ ወይም አይ በሚባሉ 20 ጥያቄዎች ይለካሉ፤ ዝግጁ መሣሪያ ናቸው። የተፈተኑት ግን በኔዘርላንድስ ዜና ላይ ነው። በልማት ዜና የተሞላ የመንግሥት ጋዜጣ ላይ እንዳሉ ሲጫኑ ብዙ ዘገባ ከአምስቱም ውጭ ሊቀር ይችላል። መጀመሪያ ከናሙናው ውጭ 30 ያህል ዜና ሞክሩ፤ የማይገባ ነገር ከተደጋገመ ፍሬም ጨምሩና ለምን እንደጨመራችሁ ጻፉ።

ሁለተኛ ኮደር የግድ ነው። ቢያንስ ከናሙናው አሥር በመቶውን ሌላ ሰው ለብቻው ይኮድ። ስምምነቱን በመቶኛ ብቻ ማቅረብ ያሳስታል፦ አንድ ፍሬም በ90 በመቶው ዜና ውስጥ ከሌለ፣ ሁለት ኮደሮች ሳያነቡ በዚያው መጠን በዘፈቀደ ቢመልሱ እንኳ በአጋጣሚ 82 በመቶ ይስማማሉ። ስለዚህ የአጋጣሚውን ስምምነት ቀንሶ የሚለካው የክሪፐንዶርፍ አልፋ ይሰላ፤ 0.80 እና ከዚያ በላይ አስተማማኝ ነው፣ ከ0.667 በታች ከሆነ ጥያቄው እንደገና ይጻፍ።

አጀንዳ ሴቲንግ

መገናኛ ብዙኃን ጎላ አድርገው የሚዘግቡትን ጉዳይ ሰውም ዋና ጉዳይ አድርጎ ያያል የሚል ንድፈ ሐሳብ ነው። ማክስዌል ማኮምስና ዶናልድ ሾው በ1968ቱ የአሜሪካ ምርጫ በቻፕል ሂል ከተማ ማንን እንደሚመርጡ ያልቆረጡ 100 መራጮችን ጠየቁ። መራጮቹ ዋና ያሏቸው ጉዳዮች ከመገናኛ ብዙኃን ሽፋን ጋር የነበራቸው ተዛምዶ፣ በ1972 እንደታተመው፣ ከ0.96 በላይ ነበር።

ማስረጃው ሁለት ነው፦ የይዘት ቆጠራና የተደራሲ መጠይቅ። ሽፋን ብቻ ቆጥሮ አጀንዳ ሴቲንግ ነው ማለት አይቻልም፤ አቅማችሁ ይዘት ላይ ብቻ ከሆነ ወደ ፍሬሚንግ ሂዱ። ይዘቱ ከመጠይቁ በፊት ካሉ ሳምንታት ይሰብሰብ፤ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ጥሩ መነሻ ነው። መጠይቁ ላይ ዝርዝር ከማቅረብ ይልቅ «በአሁኑ ጊዜ አገሪቱን የሚያሳስባት ዋና ጉዳይ ምንድን ነው ይላሉ?» ብሎ ክፍት መተው ይሻላል።

ብዙ ጽሑፍ የሚወድቀው የጉዳዮቹ ቁጥር ሲያንስ ነው። ሰባት ጉዳዮችን አንዴ በሽፋናቸው፣ አንዴ በመላሾች ምርጫ በደረጃ አስቀምጣችሁ የስፒርማን ተዛምዶ (የሁለቱ ደረጃዎች መቀራረብ መለኪያ) 0.75 ብታገኙ ትልቅ ይመስላል። ለሰባት ጉዳይ በ0.05 ደረጃ የሚፈለገው ግን 0.786 ነው፤ አላለፈም። በአምስት ጉዳይ ከሆነ ደረጃዎቹ ፍጹም አንድ ካልሆኑ በቀር ማለፍ አይቻልም። አሥር ጉዳይ ብትይዙ 0.648 ይበቃል። ስለዚህ ጉዳዮቹን ስትመድቡ ከመጀመሪያው አሥር እንዲሆኑ አድርጉ፤ «ኢኮኖሚ» የሚለውን ወደ ኑሮ ውድነት፣ ሥራ አጥነት፣ የውጭ ምንዛሪ መክፈል አንዱ መንገድ ነው።

የሚጠብቃችሁ ተቃውሞ፦ የመገናኛ ብዙኃኑን አጀንዳ ማን ቀረጸው? ሰውስ ጉዳዩን ከጣቢያው ሰማው ወይስ ከቴሌግራም ቻናል? መጠይቁ ላይ የመረጃ ምንጭን የሚለይ ጥያቄ ከሌለ መልስ የላችሁም።

ካልቲቬሽን

የጆርጅ ገርብነር ሐሳብ ነው፤ ከላሪ ግሮስ ጋር በ1976 አሳተመው። ቴሌቪዥን አብዝቶ የሚያይ ሰው ዓለምን ቴሌቪዥን እንደሚያሳየው አድርጎ ያያል ይላል። ከ2016 ጀምሮ ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረቡ ይህን ርዕስ ለኢትዮጵያ ተማሪ ማራኪ አድርጎታል። እኔ ግን ለማስተርስ አልመክረውም።

ምክንያቱ ስሌት ነው። ሞርጋንና ሻናሃን በ1997 የሁለት አሥርት ዓመታት ጥናቶችን ሲያጠቃልሉ ያገኙት አማካይ ተዛምዶ 0.09 ገደማ ነው። ይህን ትንሽ ተዛምዶ በ80 በመቶ ዕድል ለመያዝ ከ900 በላይ መላሽ ያስፈልጋል። የተለመደው 384 መላሽ የሚይዘው ከ0.14 ገደማ ጀምሮ ያለውን ነው። ውጤት አልተገኘም ብሎ መደምደም ያኔ ስለ ናሙናው እንጂ ስለ ቴሌቪዥኑ አይናገርም። በተጨማሪ ዱብና ማክዶናልድ በ1979 በቶሮንቶ የሰፈሩን የወንጀል መጠን ሲቆጣጠሩ በቴሌቪዥንና በፍርሃት መካከል ያለው ዝምድና ከሞላ ጎደል ጠፍቷል፤ ፖል ሂርሽም መረጃውን እንደገና ተንትኖ ተቃውሟል። ዕድሜ፣ ትምህርትና ሰፈር ያልተቆጣጠረ ጽሑፍ ይህን ጥያቄ አያልፍም።

ዩዝስ ኤንድ ግራቲፊኬሽንስ

ካትዝ፣ ብለምለርና ጉሬቪች በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቅርጽ ያስያዙት ሲሆን፣ ሰዎች ሚዲያን ለምን ይጠቀማሉ ብሎ ይጠይቃል። ቲክቶክና ቴሌግራም ለሚያጠና ቀላል ነው። ድክመቱ ሰው ለምን እንደሚያይ ራሱ ያውቀዋል፣ በእውነትም ይናገረዋል ብሎ መነሳቱ ነው። ሌላው ትችት ስለ ኃይልና ባለቤትነት ዝም ማለቱ ነው።

ትልቁ ስህተት የአሜሪካን የምክንያት ዝርዝር ተርጉሞ መበተን ነው። በፊት ከሁለት ሦስት ቡድኖች ጋር ተወያይታችሁ ሰዎቹ በራሳቸው አፍ የሚሉትን ምክንያት ሰብስቡ። በውጭ አገር የሚኖር ኢትዮጵያዊ ዩቲዩብ የሚከፍትበት ምክንያት፣ ቤቱ አማርኛ እንዲሰማ መፈለጉን ጨምሮ፣ በተዘጋጀው ዝርዝር ውስጥ ላይኖር ይችላል። ከዚያ በኋላ ነው ወደ መጠይቅ የሚኬደው፤ ለአንድ የመጠይቅ ዐረፍተ ነገር ቢያንስ ከአምስት እስከ አሥር መላሽ፣ የዐረፍተ ነገሮቹን እርስ በርስ መጣጣም የሚለካው የክሮንባክ አልፋም 0.70 እና ከዚያ በላይ።

ኢንኮዲንግና ዲኮዲንግ

ስቱዋርት ሆል በ1973 ያቀረበው ነው፦ ተመልካች መልእክቱን እንደተላከ ሊቀበለው፣ ሊደራደርበት ወይም ሊቃወመው ይችላል። ዴቪድ ሞርሊ በ1980 «ኔሽንዋይድ» በተባለው የቢቢሲ ፕሮግራም ላይ ሲፈትነው፣ የአንድ መደብ ሰዎች እንኳ በተለያየ መንገድ እንደሚያነቡ አገኘ።

ቁጥር ለማይወድና ማዳመጥ ለሚችል ተማሪ ከሁሉ የሚሻለው ይህ ነው። አንድ ዘገባ ምረጡ፤ ከስድስት እስከ አሥር ሰው ያለባቸው አራት ያህል ቡድኖች አሳዩና አወያዩ። አንድ ሰዓት ቅጂ ለመገልበጥ አምስት ስድስት ሰዓት ያዙለት። ሁለት ነገር ያበላሸዋል፦ የዘገባውን «የተላከ» ትርጉም አስቀድሞ ሳይተነትኑ ወደ ቡድኑ መሄድ፣ እና የማይወደድን ዘገባ ሁሉ «ተቃውሞ» ብሎ መመደብ። «አሰልቺ ነው» ያለ ሰው መልእክቱን አልተቃወመም።

ፖለቲካል ኢኮኖሚ

ማን ይይዘዋል፣ ማን ይከፍላል፣ በየትኛው ሕግ ይሠራል? ዳላስ ስማይዝ በ1977 ጣቢያዎች ለማስታወቂያ ሰጪ የሚሸጡት ተመልካቹን ራሱን ነው አለ። ኸርማንና ቾምስኪ በ1988 ዜና ከመውጣቱ በፊት የሚያልፍባቸውን አምስት ማጣሪያዎች አቀረቡ። እነዚህን ለኢትዮጵያ እንዳሉ መገልበጥ አይሆንም፤ አምስተኛው ፀረ ኮሚኒዝም ነበር፣ ሁለተኛውም በማስታወቂያ ገቢ የሚኖር ሚዲያን ያስባል። የመንግሥት በጀት ዋና ምንጭ በሆነበት ቦታ ጥያቄው መለወጥ አለበት። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238፣ የፈቃድ መዝገብና ዓመታዊ ሪፖርቶች መነሻ ይሆናሉ።

ኒኮላስ ጋርንሃምና ሎውረንስ ግሮስበርግ በ1995 በዚህና በባህል ጥናት መካከል በግልጽ ተፋጠዋል፤ የሁለቱን ጽሑፍ ጎን ለጎን ማንበብ የቀደሙ ጥናቶች ለሚቃኙበት ምዕራፍ ሁለት ትልቅ ሀብት ነው። ወጪው ገንዘብ ሳይሆን ሰነድ የማግኘት ዕድል ነው። ፕሮፖዛሉ ከመጽደቁ በፊት ቢያንስ ሦስት ሰነድ በእጃችሁ ይግባ።

ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| ንድፈ ሐሳብ | የሚያርፍበት | ማስረጃ | ወጪ | የሚጠብቀው ተቃውሞ |
|---|---|---|---|---|
| ፍሬሚንግ | ይዘት | 14 እትም፣ ሁለት ኮደር | ዝቅተኛ | ፍሬም ምንድን ነው? |
| አጀንዳ ሴቲንግ | ይዘትና ተደራሲ | ቆጠራና መጠይቅ | ከፍተኛ | አጀንዳውን ማን ቀረጸ? |
| ካልቲቬሽን | ተደራሲ | ከ900 በላይ መላሽ | በጣም ከፍተኛ | ሌሎች ምክንያቶች ተቆጣጥረዋል? |
| ዩዝስ ኤንድ ግራቲፊኬሽንስ | ተደራሲ | ውይይትና መጠይቅ | መካከለኛ | ሰው ምክንያቱን ያውቃል? |
| ኢንኮዲንግና ዲኮዲንግ | ይዘትና ተደራሲ | አራት ያህል የቡድን ውይይት | መካከለኛ፣ ጊዜ ይወስዳል | ምደባው የማን ነው? |
| ፖለቲካል ኢኮኖሚ | ባለቤትና ሕግ | ሰነድ፣ ቃለ መጠይቅ | ዝቅተኛ፣ ሰነድ ከተገኘ | ተደራሲው የት ነው? |

ለማን የትኛው?

ብቻችሁን፣ ያለ በጀት፣ በአንድ ሴሚስተር የምትጨርሱ ከሆነ ፍሬሚንግን በአንድ ጋዜጣ ያዙ። ኮደር መክፈል ካልቻላችሁ ከክፍል ጓደኛ ጋር ተለዋወጡ፤ እናንተ የእሱን፣ እሱ የእናንተን። መሥሪያ ቤታችሁ መጠይቅ የሚያስሞላ ሰው ከመደበላችሁና ስታቲስቲክስ ከቻላችሁ አጀንዳ ሴቲንግ ይሁን። ሚዲያ ውስጥ የምትሠሩና ሰነድ የምታገኙ ፖለቲካል ኢኮኖሚን አስቡበት፤ ግን የራሳችሁን ተቋም ካጠናችሁ ያንን በግልጽ ጻፉ።

በጤና ወይም በግብርና ፕሮጀክት ላይ የምትሠሩ ብዙዎች ወደ ኤቨረት ሮጀርስ ዲፊዩዥን (አዲስ ነገር በሰዎች መካከል እንዴት እንደሚስፋፋ የሚያጠናው ንድፈ ሐሳብ) ትሄዳላችሁ። ከላይ ያላካተትኩት ሙግቱ የተለየ ስለሆነ ነው፤ ሉዊስ ራሚሮ ቤልትራን በ1976 የላቲን አሜሪካን ገበሬ ምሳሌ አድርጎ፣ መሬት ያልያዘን ሰው «አዲስ ነገር አይቀበልም» ማለት ተገቢ አይደለም ሲል ሞግቷል። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፦ 2.5፣ 13.5፣ 34፣ 34 እና 16 በመቶ የሚሉት፣ ሰዎች አዲስ ነገር በሚቀበሉበት ፍጥነት የተከፈሉ ምድቦች የመደበኛ ሥርጭት ኩርባ ቁራጮች ናቸው፤ መንደር ወርዳችሁ «ልታረጋግጧቸው» አትሞክሩ።

አማካሪያችሁ ሁለተኛ ንድፈ ሐሳብ ጨምሩ ካለ፣ ፍሬሚንግና ፖለቲካል ኢኮኖሚ ይስማማሉ፤ አንዱ ምን ተባለ ይላል፣ ሌላው ለምን እንዲህ ተባለ ይላል። ካልቲቬሽንና ኢንኮዲንግ ግን አይጣመሩም፤ የመጀመሪያው መልእክቱ በሁሉም ተመልካች ላይ አንድ ዓይነት ትርጉም ያሳርፋል ብሎ ይነሳል፣ ሁለተኛው የተጻፈው ያንን ለመካድ ነው። ሁለት ንድፈ ሐሳብ ለማጣመር ከተገደዳችሁ ለእያንዳንዱ የራሱ የምርምር ጥያቄ ስጡ፤ ጥያቄ ያላገኘውን ንድፈ ሐሳብ ከምዕራፍ ሁለት አውጡት።